የሮማን ጥርስና የጎረቤት «አይዞሽ»

እግዜርን ስትለምኑ የምትለምኑትን ነገር መርጣችሁ ለምኑ። ይህን የምላችሁ ቄስ ሆኜ አይደለም፤ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ግን አሰብ ሳለሁ፣ ወበቁ በርትቶ ሰው ቀርቶ ግድግዳው በሚያልበው ወር ላይ፣ «አምላኬ፣ የዚህችን ልጅ አፍ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ዝጋልኝ» ብዬ ለመንኩና ሰማኝ። እሱ ሲሰጥ ሰፍሮ አይደለምና ለቀናት ዘጋልኝ።

ልጅቷ ሮማን ናት፤ የገዛ ልጄ፣ አምስት ዓመቷ። ጠዋት ስትነቃ ከዓይኗ ምላሷ ይቀድማል። ባሕሩን ማን ነው ጨው የጨመረበት? ሰዎቹ እንዲያ ከባሕሩ ጨው እያወጡ ሲቆልሉ የቀረው ባሕር አልጫ አይሆንም ወይ? ዓሣ ሲጠማው ምን ይጠጣል? እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ብርዱ እንዳይገባበት ሰው አፉን በቁጠባ ነው የሚከፍተው፤ ስለዚህ መልስ አልቆብኝ ነበር። ይህን ሁሉ ጥያቄ ትመልስ የነበረችው እናቷ ደግሞ ሁለተኛ ልጃችንን ልትወልድ እናቷ ዘንድ ደሴ ሄዳለች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብቅ ብላ የተናገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄን እንዳታከሳብኝ» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ሮማን አፏን የዘጋችው ቁርስ ላይ ነው። ዳቦዋን አንድ ጊዜ ገመጠች፣ ጉንጯን ያዘች፣ ዳቦውን መልሳ አስቀመጠችና ዝም አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሻዬን ሳይቀዘቅዝ ጠጣሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ጉንጯ ሎሚ የጎረሰ መሰለ፤ ስጠይቃት ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች፤ እንባዋም አፏ ሳይከፈት ይወርዳል። ሰው አፉን ዘግቶ ማልቀስ እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው። በማግሥቱ ወተት በማንኪያ እየሰጠሁ ዋልኩ። አንገቷ እየቀጠነ ሲሄድ የአውቶቡሱ መስኮት ፊቴ ላይ ድቅን ይል ጀመር።

ይዣት ወደ ሐኪም ቤት ሄድኩ። የቁስል አሻጊው ድሬሰር በስንት ልመና ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ አየና በስተኋላ ያለ ጥርሷ እንደበሰበሰ ነገረኝ። ለዚህ ያበቃት ሐላዋ የሚሉት ጣፋጭ ነው፤ የሰፈሩ ባለ ሱቅ ባያት ቁጥር ቆረስ አድርጎ ይሰጣታል፣ እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ድሬሰሩ ለሕመሙ ኪኒን ሰጠኝና፣ የጥርስ ሐኪም ሐሙስ ከአሥመራ በአውሮፕላን እንደሚመጣ፣ ለጥቂት ቀናት ቆይቶ እንደሚመለስ፣ ካመለጠን ግን እስከ ክረምት ማለቂያ እንደማይገኝ አስረዳኝ። አሰብ ላይ ክረምት ስሙ እንጂ ዝናቡ አይመጣም፤ ርዝመቱ ግን ያው ነው። «ዋናው ነገር አፏን እንድትከፍት አዘጋጃት» አለኝ። ካልከፈተች የሚቀረን ከገበያው ጀርባ የወደብ ሠራተኞችን ጥርስ በብረት ጉጠት የሚያወልቀው ሰውዬ ነው። የዚያን ሰውዬ ሥራ በሩቅ ሆኜ ሰምቻለሁ። አይቻለሁ አላልኩም፤ የሚሰማ ነገር ነው።

ማዘጋጀት የተባለው ነገር እኔን ነው የሚመለከተኝ። ማካፈልን ለስንቱ ደንቆሮ ያስገባሁ ሰውዬ አንዲት ሕፃን አፏን እንድትከፍት ማድረግ ያቅተኛል? በረንዳው ላይ ወንበር ዘረጋሁና ጨዋታ ፈጠርኩ። በሽተኛው እኔ፣ ሐኪሟ እሷ። የሻይ ማንኪያና የእጅ ባትሪ ሰጠኋት፤ ተንጋልዬ አፌን ከፈትኩ። ሮማን ባትሪውን እስከ ጉሮሮዬ አበራችና ብዙ ቆይታ አየች። ከዚያም ጉንጯን እንደያዘች፣ በከንፈሯ ጫፍ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ተናገረች። «አባባ፣ ያንተም ጥቁር ነው» አለችኝ። የሻይ ነው ብዬ አለፍኩት።

ተራው የሷ ሲሆን አፏን አንድ ጣት የሚያስገባ ያህል ከፈተች። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ጣት ሆነ። እኔ ምላሴን አወጣለሁ፣ እሷ በአፍንጫዋ ትስቃለች፣ ማንኪያው ይገባል ይወጣል። ነገሩ ሁሉ መዳፌ ውስጥ ገባ። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ወግ አትሰሙም ነበር።

ግን አሰብኩ። አሳቢነቴ ነው የሚገድለኝ። አንድ ጎረቤት ሳያስበው «ጉጠት» ወይም «ነቅሎ» ወይም «ደም» ቢል ድካሜ ሁሉ ገደል ሊገባ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስለዚህ ቤት ለቤት ዞሬ ለመለመን ተነሣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት የፖሊሱ የሃምሳ አለቃ ባለቤት ወደሆኑት ወደ እትዬ አስካለ ነው፤ መንደሩ ውስጥ እሳቸው ሳይሰሙት የተወለደም የሞተም የለም። ቀጥዬ የወደብ ጫኞች አለቃ ወደሆነው ወደ ሐሰን ሄድኩ። ሐሰን የዚያው ባሕር ዳርቻ፣ የበይሉል ልጅ ነው፤ በማንም ሰው በር ሲገባ ወገቡን ማጠፍ ያለበት ቁመተ ረጅም፣ ድምፁ ከመርከብ መርከብ የሚሰማ፣ ሆዱ ግን ቅቤ። ከነሱም አልፌ የሥራ ባልደረቦቼን ነገርኩ። ሮማን ሐሙስ ጥርሷን ልትታይ ነውና እባካችሁ ፊቷ የሚያስፈራ ነገር እንዳትናገሩ አልኩ። እትዬ አስካለ በማርያም ማሉልኝ፣ ሐሰን ወላሂ አለኝ። ለሐቅ እመሰክራለሁ፤ እስከ መጨረሻው አንዳቸውም ጉጠት የሚባል ነገር አልተነፈሱም።

የረሳሁት ሌላ ነገር ነው። እኛ ሰዎች በጎረቤት የታመመ እንዳለ እያወቅን ቤታችን መቀመጥ አንችልም። ያልሰማ ይቅር ይባላል፤ ሰምቶ የቀረ ግን እስከ ልጅ ልጁ ይወራበታል። እኔ ደግሞ በገዛ እግሬ ዞሬ ለሁሉም አሰምቻለሁ።

በዚያው ቀን፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ እትዬ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው፣ በሌላ እጃቸው አራንቻታ፣ የብርቱካን ለስላሳ፣ በጠርሙስ ይዘው ገቡ። ወንበር ላይ ተቀመጡና ተነፈሱ። አተነፋፈሳቸው ረጅም ነው፤ ከደረት ተነሥቶ ቤቱን ሞልቶ ነው የሚመለስ። ሮማንን አዩዋት፣ ጠርሙሱን አዩት፣ ጣራውን አዩት። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ» አሏት።

ሮማን ወደኔ ዞረች። እኔ ፈገግ አልኩ።

ሐሰን ወገቡን አጥፎ ገባና ቴምርና ሐላዋ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አዎ፣ ሐላዋ። ያን መርከብ ለመርከብ የሚሰማ ድምፁን ወደ ሹክሹክታ አውርዶ፣ «አይዞሽ፣ አላህ አለ» አላት። ሐሰን ሲያንሾካሹክ ሰምታ የማታውቅ ልጅ ጭኔን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ባልደረቦቼ ብስኩት ይዘው መጡ፤ አንዱ እጄን ጨብጦ ሳይለቅ «በርታ» አለኝ፣ ሌላው «ልጅነት ደጉ፣ ትችለዋለች» ብሎ መሬት መሬት አየ። የመንደሩ ሴቶች በግድግዳው ዙሪያ ተደረደሩ። ማንም ክፉ ነገር አልተናገረም። እንዲያውም ማንም ምንም አልተናገረም፤ በየመካከሉ አንዷ ትነሣና የልጄን ፀጉር ዳበስ አድርጋ «አይዞሽ» ብላ ትቀመጣለች፣ ሌላዋ ከንፈሯን ትመጣለች።

ሮማን ይህን ነገር ከዚህ በፊት አይታዋለች። ከጥቂት ወራት በፊት ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ ሲያርፉ ጭኔ ላይ አስቀምጫት ድንኳን ውስጥ ነበረች። እነዚሁ ሰዎች፣ እነዚሁ ነጠላዎች፣ ይኸው ትንፋሽ። ዙሪያውን አንድ በአንድ አየቻቸውና በዚያ ባበጠ ጉንጯ ጆሮዬ ሥር መጣች።

«አባባ፣ ማን ሞተ?»

ማንም እንዳልሞተ ነገርኳት። ሰዎቹ የመጡት እሷን ሊያዩ እንደሆነ ነገርኳት። ይኼ መልስ ይመስላችኋል? ለኔ መስሎኝ ነበር። ጥቂት አሰበችና እንደገና መጣች።

«እኔ ነኝ እንዴ የምሞተው?»

ዕቅፍ አደረግኋትና አፌ ላይ የመጣልኝን፣ አባቴም ለኔ፣ የሱም አባት ለሱ ሲል የኖረውን ነገር ተናገርኩ። «አይዞሽ» አልኳት። የገዛ አባቷም እንደነሱ ሲል ስትሰማ ነገሩ ቁርጥ ሆነላት። አፏ ተዘጋ። ሰዎቹ ሲሄዱ ማንኪያና ባትሪ ይዤ ብመጣ ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀበረች።

ረቡዕ በጠዋት እትዬ አስካለ ደጃፍ ቆምኩ። በጨዋ ደንብ፣ ምርቃት አብዝቼ፣ እባክዎን ሰው እንዳይመጣብኝ ይንገሩልኝ አልኳቸው። እሳቸውም ረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አይተው፣ «ይህን ያህል ከፋባት?» አሉኝ። ለካ ጠያቂ የሚከለከለው ለማን ነው? አልጋ ለያዘ፣ ሊያርፍ ለደረሰ። እንደዚያ አይደለም ብል፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ የኛ ልጅ» ብለው ገሠጹኝ።

ያን ቀን ማክሰኞ ያልመጣውም መጣ። ቄሱ ጠበል ይዘው መጡ። የሐሰን እናት ከመካ የመጣ ዘምዘም ውኃ በትንሽ ጠርሙስ ላኩ። ሮማን አፏን ለሁለቱም ስላልከፈተች ጠበሉንም ዘምዘሙንም ግንባሯ ላይ ረጩት፤ በዚያ ወበቅ የቀዘቀዘላት እሷ ብቻ ናት። ጥግ ላይ ደግሞ ሴቶቹ በሹክሹክታ ይመክራሉ። ጆሮዬን ጣል ባደርግ ደሴ ላለችው እናቷ ቴሌግራም መደረግ አለበት ወይስ የወለደች ለት ይነገራት የሚል ክርክር ነው። ላብ የማያውቅ ቦታዬ ሁሉ አላበው። የሃምሳ አለቃው ኮፍያቸውን አንሥተው ወደ ቴሌው ቤት ሊሄዱ በሩ ላይ ደርሰው ነበር። እጃቸውን ይዤ፣ ልጅቷ የታመመችው ጥርሷን ብቻ እንደሆነ፣ ባለቤቴ ቴሌግራም ካየች መንታ ባይኖራትም መንታ እንደምትወልድ ነግሬ፣ ለምኜ መለስኳቸው። እሳቸውም ሲመለሱ ትከሻዬን መታ አድርገው «አይዞህ» አሉኝ።

ሐሙስ ሳንታይ ለመውጣት አሰብኩ። ሮማንን ታቅፌ በሩን ቀስ ብዬ ስከፍት ታክሲ ቆሟል። የሃምሳ አለቃው ለምነውት ነው። ከኋላ እትዬ አስካለና የመንደሩ ሴቶች ተደራርበው ገብተዋል፤ ከፊት ሐሰን ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ቦታ ይዞልኛል። የቀረው ሰው በእግር ተከተለ። ሐኪም ቤቱ ግቢ ስንደርስ ድሬሰሩ ሰልፉን አየና አልጋ እየገፋ ወደኛ ሮጠ። በሽተኛው የታል ሲለኝ ሮማንን አሳየሁት። አልጋውን መልሶ እየገፋ ሄደ።

ክፍሉ ውስጥ እኔና ሮማን እንድንገባ ተፈቀደ። ሐሰን አልተፈቀደለትም፤ ግን ሐሰንን በር ላይ የሚያቆም ሰው አሰብ ውስጥ ገና አልተወለደም። የጥርስ ሐኪሙ ፀጉሩ ሸብቶ የደከመው ሰው ነው፤ ቃል የሚያወጣው እንደ መድኃኒት ለክቶ ነው። ሮማን አንገቴ ላይ ተጣብቃለች፤ ጥርሶቿን ነክሳ፣ ዓይኖቿን ጨፍና። ማንኪያውን አወጣሁ፤ ባትሪውን አወጣሁ፤ ምላሴንም አወጣሁ። ምንም የለም። ሐኪሙ ጥቂት አየን። ከዚያ በጣቱ ወንበሩን አሳየኝ።

«እርስዎ ይቀመጡ።»

ልጅቷን ታቅፌ እንድቀመጥ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሮማንን ለሐሰን አስያዘና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። ሰማዩን የሚያህል መብራት ፊቴ ላይ በራ። አሁን ለናንተ የምነግራችሁን ለተማሪዎቼ እንዳትነግሩ። በዕድሜዬ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። የበረንዳው ወንበርና ይኼኛው በስም ብቻ ነው የሚገናኙት። ሐኪሙ በቀጭን ብረት ጥርሶቼን ኳ፣ ኳ እያደረገ መጣ፤ ልጄ ጥቁር ነው ያለችው ላይ ሲደርስ እግሮቼ ብቻቸውን ተነሡ። የወንበሩን ክንድ ጨመደድኩት። የልጄ አባት፣ የቤቱ ምሰሶ፣ ተንጋልዬ እንደ ቅጠል እንቀጠቀጣለሁ።

ሐሰን አሳዘንኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከልቡ፣ «አይዞህ አስተማሪ» አለኝ።

እናንተዬ፣ ያቺ ቃል ከላይ ወደ ታች ስትመጣ ሌላ ናት። ቆመን ስንናገራት ፍቅር ናት፤ ተንጋልለን ስንሰማት ግን «ለካ የሚያስፈራ ነገር አለ» ትላለች። ሐሰን ምን አይቶ ነው? ብረቱ ምን ያህል ነው? ደም አለ ወይ? ልጄ ይህን ሁለት ቀን ሙሉ፣ ከመንደሩ ሁሉ፣ ከኔም ጭምር ስትውጠው እንደዋለች ያኔ ገባኝ። ተቆርቋሪ መስዬ አስፈራኋት። አዘንኩላት፤ ለራሴም አዘንኩ።

ሮማን ዓይኗን ከፍታ ስታየኝ ቆይታለች። ከሐሰን ክንድ ተንሸራትታ ወረደች፣ መጣችና የወንበሩን ክንድ የጨመደደውን እጄን ፈልቅቃ አውራ ጣቴን ያዘች። ከዚያ ወደ ሐሰን ቀና ብላ፣ ባበጠው ጉንጯ፣ አፏን ከፍታ ተናገረች።

«ተው ጋሼ ሐሰን፣ አይዞህ አትበለው። ያስፈራል።»

ሐኪሙ እጁን ከአፌ አወጣ፤ ሐሰንም አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ሮማን አውራ ጣቴን እንደያዘች ዝም ብላ ቆመች። ተንቀጥቅጬ ስጨርስ ሐኪሙ ጥቁሯን ጥርሴን በብረቱ ነካ አድርጎ «ይቺ ነገ» አለኝና እጁን ወደ ሮማን ዘረጋ። እኔ ወረድኩ፣ እሷ ወጣች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ለሁላችንም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አሳየችን፣ እሺ አልናት። አውራ ጣቴን ሰጠኋት። አፏንም ከፈተች።

ማደንዘዣውን ሲወጋት እንባዋ ወረደ። ያቺ ቃል ደረቴ ላይ ተነሣች፣ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰች፣ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ከንፈሬን ነክሼ ዋጥኳት። ሐሰን ወደ ግድግዳው ዞሮ በሁለት እጁ አፉን ይዟል። ሐኪሙ ጠበቀ፣ ሠራ፣ ጥርሷን በጥጥ ጠቅልሎ እጇ ላይ አኖረላት። በሩን ስንከፍት ሴቶቹ ግር ብለው ተነሡና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ ሮማን ጥጥ በተወተፈ አፏ ወሬ ጀመረች። ጥርስ እግር አለው እንዴ? ድዱ ውስጥ ቆሞ ነው የሚተኛው? ታክሲው ውስጥ ከሷ ሌላ የተናገረ የለም። ቤት ስንደርስ ሐሰን ቁመቱ ስለሚበቃ ጥርሷን ጣራው ላይ ወረወረላት፤ ቆርቆሮው ላይ ኳ ብሎ ሲያርፍ ሁሉም አጨበጨበ።

የኔ የነገው ጥርስ ነገር ደግሞ ተሰማ። እኔ አልተናገርኩም፤ ሐሰን ለእትዬ አስካለ ነገራቸው፣ ያ ማለት ጀምበር ሳትጠልቅ መንደሩ ሁሉ አወቀ ማለት ነው። ፀሐይዋ በረድ ስትል እትዬ አስካለ አራንቻታቸውን ይዘው ደረሱ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ሮማን በሩ ላይ ቆማ ደንቧን እየነገረች አንድ በአንድ አስገባቻቸው። ግድግዳውን ይዘው ተደረደሩ። አተነፋፈሱ ያው ነው፣ ሌላ ግን ምንም የለም። ሮማን ለሁሉም አፏን እየከፈተች ባዶውን ቦታ አሳየቻቸው፤ እነሱም በየተራ አጎንብሰው እያዩ አደነቁላት።

ሲሄዱ እትዬ አስካለ በሩ ላይ ዘወር ብለው አዩኝ። የነጠላቸው ጫፍ ወደ አፋቸው ተነሣ፤ አፋቸው ተከፈተ። ሮማንን አዩዋት። አፋቸውን ዘጉት።

«ታክሲው ጠዋት በአንድ ሰዓት ይመጣል» ብለው ወጡ።

ደብረ ብርሃን ያሉ ዘመዶቼ ጥርስ እንዳለኝም ረስተውት ይሆናል፤ እዚህ፣ ከአገሬ ይህን ያህል ርቄ፣ ለአንዲት የበሰበሰች ጥርሴ ታክሲ ሙሉ ሰው ሊከተለኝ ነው። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ። ሮማን አውራ ጣቴን ይዛ፣ ነገ ታክሲው ውስጥ ማን ማን ጭን ላይ እንደሚቀመጥ፣ ሐሰን ጉልበቱን የት እንደሚያደርግ፣ የኔ ጥርስ ጣራው ላይ ሲወረወር ከሷ ጥርስ ጋር ይጣላ እንደሆነ ስትጠይቀኝ አመሸች። እኔም ያን ምሽት አምላኬን ምንም አልለመንኩትም።